ጣራዬ ላይ ያልቀለጠው በረዶ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1። ጠዋት 1 ሰ.

የደም ግፊት 151 በ 88። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። መኪና እነዳለሁ፣ ቀን ቀን። ቢላ እስላለሁ፣ ሱሪ እተኩሳለሁ፣ በረዶ እጠርጋለሁ። ሽሮ አይሆንልኝም፣ ያርርብኛል። ዕንቁላልና ሩዝ ይበቃኛል። ደረጃ ስወርድ ግን ግድግዳውን እይዛለሁ። ይሄን ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ደብተር። የክሊኒኳ ነርስ የሰጠችህ ግፊቴን እንድጽፍብህ ነው። ሌላ አትጻፍ አላለችኝም።

ሳልከፍል ቀርቼ ጋዙ ከተቆረጠ ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። ምድጃው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ይሠራል። የቤቱ ማሞቂያ ግን በጋዝ ነው፣ ሞቷል። ሙቅ ውሃም የለም። መኝታ ቤት አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለች። አሁን ካፖርት ለብሼ ነው የምጽፈው። ጓንት ለብሼ ሞከርኩ፣ ፊደሉ እንቢ አለ።

ዘሃራ አታውቅም። ልጄ ናት፣ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ዌስተርቪል ነው የምትኖረው። ካወቀች ቤቱን ታሸጠኝና ቤዝመንቷ፣ ምድር ቤቷ ማለት ነው፣ ታስገባኛለች። ሁለት ጊዜ ብላዋለች። ጥሩ ቤዝመንት ነው፣ ምንጣፍ አለው። እኔ ግን ይሄን ኢስትሙር ሰፈር ያለ ቤት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተሸክሜ ከፍዬ የጨረስኩት ነው። የምወጣው ተሸክመውኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4። ከሰ. 9 ሰ.

ግፊት አልለካሁም። ክንዴን ማውጣት ሰነፍኩ።

ሲጥል አደረ። የራሴን ጠርጌ የጎረቤቶቼን መግቢያ ግማሽ ጠረግሁ። ሜክሲካኖች ናቸው። ዘጠኝ ሰው ባንድ ቤት። ራሞን ጣራ ሠሪ ነው፣ በክረምት ሥራ የለውም። ሚስቱ ሉፔ ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳለች። እናቷ አብራቸው አለች። ልጆች ሦስት። ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ የራሞን ወንድም ከነሚስቱ ከነሕፃኑ አፓርታማውን ለቆ እነሱ ላይ ገባ።

በመስኮት አያቸዋለሁ። ቴሌቪዥኔ ያለው ሳሎን ነው፣ ሳሎኑ ብርድ ስለሆነ በሱ ፈንታ እነሱን ነው።

ሁለት መኪና ነበራቸው፣ አንዱን ሸጡ። የቀረችው ሌሊት 11 ሰ. ወንድሙን ታደርሳለች፣ ተመልሳ ልጆቹን፣ ተመልሳ የወንድምየውን ሚስት። ሞተሯ አይበርድም። አሮጊቷ፣ የሉፔ እናት፣ የሰው ሕፃን ትጠብቃለች፣ በቀን ሦስት። ከእናቶቹ አንዷ በገንዘብ አትከፍልም፣ የሁሉንም ጸጉር ትቆርጣለች።

እሑድ ማታ ደግሞ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። የመጣ ፖስታ ሁሉ ይከፈትና ይደረደራል። እያንዳንዱ ያገኘውን ያስቀምጣል። አሮጊቷ በጣቷ ታሳያለች፤ ይሄ ይከፈል፣ ይሄ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ልጆቹ ሳይቀሩ ይሰማሉ።

እኔን ደስ አላለኝም። የቤት ገመና ልጅ ፊት አይዘረገፍም። ሚስቴ ከድጃ፣ አላህ ይርሐማት፣ ወረቀቱን ሁሉ ብቻዋን ነበር የምትጨርሰው። ዘሃራ ቀርቶ እኔም አላውቅም ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6። ቀትር

ፀሐይ ወጣች። ራሞን መጥቶ አንኳኳ። ዶን ይመር ይለኛል፣ ዶን እንደኛ ጋሼ ነው። እሱም እኔም እንግሊዝኛችን ስብርብር ነው፣ እንግባባለን።

ማሞቂያህ ተበላሽቷል ወይ አለኝ። ማን ነገረህ አልኩት። ወደ ላይ አሳየኝ። የመንደሩ ጣራ ሁሉ ያንጠባጥባል። የኔ ላይ በረዶው እንደወረደ ተቀምጧል፣ አንድ ጠብታ የለም። ከታች ሙቀት ካለ በረዶ አይቆይም አለ።

ቤቴ ሙቀት አያስወጣም፣ በደንብ የተሠራ ነው አልኩት። ሳቀ። ባለፈው ጸደይ ጣራህን የጠገንኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ኮርኒስህ ውስጥ ተሳቤ ገብቻለሁ፣ ከአይጥ ጎጆ በቀር ሙቀት የሚይዝ ምንም የለም አለኝ።

ደሴ ብርድ ውስጥ ነው ያደግሁት፣ ብርድ እወዳለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ቧንቧዎቹን ክፍት ተዋቸው፣ ትንሽ ይንጠባጠቡ፣ አለዚያ ይፈነዳሉ ብሎ ሄደ። እሱንስ አውቃለሁ። ከኅዳር ጀምሮ እያንጠባጠቡ ነው።

ለመንገደኛ ሁሉ የሚታይ ነገር ደብቄ ኖሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ መሰላል አውጥቼ በረዶውን ልገፋው አሰብኩ። ከሦስተኛው እርከን በላይ አልደፈርኩም። ወረድኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7። ከሰ. 10 ሰ.

ግፊት 158 በ 91።

ሉፔ መጣች። ታማሌ ይሸጣሉ፣ የበቆሎ ሊጥ ውስጡ ሥጋ አድርገው በደረቀ የበቆሎ ቅጠል ጠቅልለው በእንፋሎት የሚያበስሉት ነው። የበዓል ሰሞን ትእዛዝ በዝቷል፣ ምድጃችን አልበቃንም፣ ማዕድ ቤትህን አውሰን አለችኝ። ኪራይ እንክፈልህ አለች። ጎረቤት ኪራይ አያስከፍልም አልኳት።

አንድ ነገር ግን አልኩ። ሊጡን በአሳማ ስብ ነው የሚለውሱት። አሳማ የከድጃ ማዕድ ቤት አይገባም። ትንሽ አሰበች። በዘይት አደርገዋለሁ፣ ውስጡ ዶሮ፣ ድስቱንም ከቤቴ አዲስ አመጣለሁ አለች። ወሎ ድግስ ላይ ክርስቲያኑ ለእስላሙ ድስት ይለያል፣ እሷ ደሴን አታውቅም፣ ግን ገባት። እሺ አልኳት።

እንዲህ ሰው ረድቼ ከዋልኩ ቆይቷል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10። ማታ 2 ሰ.

ግፊት 139 በ 82።

ከጠዋት እስከ ማታ ሦስት ትልልቅ ድስት። ሉፔ፣ እናቷ፣ የወንድምየው ሚስት። መስኮቱ ሁሉ ላብ ሆነ። ካፖርቴን አወለቅሁ። ቀጥሎ ሹራቤን። አሮጊቷ አየችኝና በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች፣ ሴቶቹ ሳቁ። ሉፔን ምን አለች አልኳት። ሽማግሌው በመጨረሻ ተላጠ ነው ያለችው አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ጠቅልል ብለው ሰጡኝ። የኔ ይፈታል። አሮጊቷ እየነጠቀች ደግማ ትጠቀልለዋለች። ቢላ የምስልላት ግን እኔ ነኝ።

ዘሃራ ኮል አደረገች። ሞቆሃል አባዬ አለች። አዎ አልኩ። ዛሬ እውነት ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13። ከሰ. 11 ሰ.

የረሱትን ክዳን ልመልስ ሄድኩ። በራቸው ክፍት ነበር፣ ገባሁ። ምድጃቸው ከኔ ምድጃ ይበልጣል። አራቱም የድስት መጣጃ ባዶ፣ ቀዝቃዛ። ሥራ የበዛበት ቀን ነው የተባለው።

ገባኝ።

ሉፔን ድስትሽን ውሰጂ አልኳት። በእንፋሎት ምጽዋት አልቀበልም አልኳት። ራሞን ወሬውን ነገረሽ፣ መከራችሁ ለራሳችሁ አንሷችሁ የኔን ጨመራችሁ አልኳት። ይሄን በአማርኛ ነው ያልኩት፣ ግን የገባት ይመስለኛል።

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ ተራዋን ጀመረች። አዎ፣ የመጀመሪያው ቀን ላንተ ነበር፣ የእናቴ ሐሳብ ነው። አሁን ግን ያ አልፏል አለች። በምታጸዳበት ቢሮ አንዲት ሶማሌ አለች። በዘይት የተሠራውን ቀምሳ ለእህቶቿ አዳረሰች። ስልሳ አዝዘዋል፣ ለቅዳሜ። ግን ሐላል ነው የሚል ሰው ማነው ይላሉ። አንድ ሽማግሌ እስላም ድስቱ ላይ ቆሞ ይውላል ብያቸዋለሁ አለች። ካልቆምክ ውሸታም ታደርገኛለህ፣ እኔ ደግሞ በምግብ አልዋሽም።

ከዚያ፦ «ዶን ይመር፣ ኩራትህን ለብቻህ ብላ። ስልሳውን ግን ልሥራ አልሥራ፣ እሱን ንገረኝ» አለችኝ።

በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14። ማታ

ግፊት አልለካሁም።

ጠዋት ከከተማ ውጭ ወዳለው እርሻ ነዳሁ። ገበሬው ራሳችን እንድናርድ ይፈቅዳል፣ የኛ ሰውም ሶማሌውም ይሄዳል። አሥር ዶሮ። ቢስሚላህ ብዬ አሥሩንም በእጄ። ከፍዬ ደረሰኙን ለሉፔ ሰጠኋት። ሒሳቡን ሳትከራከር ቆጥራ ሰጠችኝ፣ ያን ወደድኩላት። የቀረውን ትርፍ እኩል አለች። ለእጄ የሚገባውን እንጂ እኩል አይሆንም አልኳት። ከአራት አንድ ላይ ቆምን። ከአሮጊቷ ጋር ነው የተዋዋልኩት ማለት ይቻላል፣ ሉፔ ስትተረጉም ነበር።

ሶማሌዋ ቅዳሜ ራሷ መጥታ ትወስዳለች። ከኔ አፍ መስማት ትፈልጋለች። ትስማ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19። ማታ 3 ሰ.

ግፊት 171 በ 96።

የሶማሌዋ ስልሳ ትናንት ሄደ፣ ሌላ ትእዛዝ መጣ። ዘሃራ ሳትደውል መጣች። ማዕድ ቤቱ ሞቅ ያለ፣ ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ሲጠቀልሉ። ደስ አላት፣ ፎቶ አነሳች፣ ሁለት በላች። እጇን ልትታጠብ ገባች። የሙቅ ውሃውን ከፈተች። ጠበቀች። ጠበቀች። ከዚያ ማሞቂያውን ልታይ ቤዝመንት ወረደች።

ስትወጣ ሴቶቹ ምድጃ አጥፍተው ወጡ። ማንም ውጡ አላላቸውም።

አር ዩ ሲሪየስ አባዬ አለች። ከመቼ ጀምሮ ነው አለች። ነገርኳት። ስልኳን አወጣች፣ አሁኑኑ እዚሁ ልክፈለው፣ ሁለት ደቂቃ ነው አለች። ስልኩን አስቀምጪ አልኳት። ታዲያ ምን ልሁን፣ አባቷን በብርድ የገደለች ልባል ወይ አለች። አለቀሰች። እኔ ግድግዳ አየሁ። ለእህትህ ደሴ በየወሩ የምትልከውን ለምን አልቀነስክም አለች። እሱ አይነካም አልኳት።

በመጨረሻ፦ እስከ ቅዳሜ ጋዙ ካልተከፈተ ቅዳሜ ዕቃህን ልወስድ እመጣለሁ፣ ቤቱ ይሸጣል አለች። በእንግሊዝኛ ነው ያለችው። ስትቆርጥ በእንግሊዝኛ ነው። በሌላ ነገር ሁሉ እናቷን ነው የምትመስል፣ በዚህ እኔን።

እሷ ከሄደች በኋላ የመሳቢያውን ፖስታዎች ሁሉ አወጣሁ። ከድጃ ከሞተች ወዲህ የመጡት ናቸው። ያልተከፈቱ አሥራ አንድ። በፕላስቲክ ከረጢት ይዤ ጎረቤት ሄድኩ። ጠረጴዛ ከበው ነበር። ወንበር ሳቡልኝ። ማንም ለምን መጣህ አላለኝም። ትንሿ ልጅ እየከፈተች ለሉፔ አቀበለቻት፣ ሉፔ አነበበች፣ አሮጊቷ በጣቷ ለየች። ልጅ ፊት። ፊቴ ጋለ፣ ግን ተቀመጥኩ።

አራቱ ማስታወቂያ ብቻ። ስድስቱ የጋዝ። ከስድስቱ ሁለቱ ባለህ አቅም በየወሩ ከፍለህ ጨርስ የሚሉ ናቸው። በጋ ላይ የተላኩ። ሳልከፍታቸው። አንዱ የከድጃ መቃብር ቦታ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21። ከሰ. 8 ሰ.

ከሉፔ ጋር ጋዝ ቢሮ ሄድን። የትኛው መስኮት እንደሆነ፣ ምን ወረቀት እንደሚይዙ፣ ማንን ጠዋት ማንን ከሰዓት ማግኘት እንደሚሻል ታውቃለች። በሁለት ዓመት አንዴ ትመጣበታለች። ሳንድዊች ይዛ ነው የመጣችው፣ ሰልፉ ረጅም እንደሆነ ስለምታውቅ።

ፎርሙ ላይ ገቢህን ጻፍ ይላል። እጄ ቆመ። ልመና ይመስለኛል አልኳት። ሳቀች። ልመና ማለት ሳይመልሱ መውሰድ ነው፣ አንተ በየወሩ ስትመልስ ልትኖር ነው፣ ያውም ከነወለዱ፣ እነሱ ናቸው የሚያመሰግኑህ አለች። ፈረምኩ። ስሜን በእንግሊዝኛ መጻፍ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ሠራተኛዋ ጠበቀችኝ።

የመጀመሪያውን ክፍያ ከታማሌው ድርሻዬና ከጡረታዬ ቆርጬ እዚያው ሰጠሁ። ሰው ዓርብ ይላካል አሉ። ዓርብ ካልመጣ ቅዳሜ ዘሃራ ነች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24። ማታ 1 ሰ.

ግፊት 144 በ 85።

ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ። 10 ሰ. ሲል የጋዙ ሰው አልመጣም። 10 ተኩል አልመጣም። ራሞን ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለቴም መንገዱን አይቶ ሄደ። 11 ሰ. ላይ አንድ ልጅ እግር ሰውዬ መጣ፣ ቤዝመንት ወረደ። ከታች ድም የሚል ድምፅ ሰማሁ። ግድግዳው ሳል ሳል አለ። ከዚያ ከወለሉ ሞቅ ያለ አየር ወጣ፣ አቧራ አቧራ የሚል።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አልሐምዱሊላህ።

ዘሃራ ጋ ኮል አደረግሁ። ጋዙ ገባ አልኳት። ማን ከፈለ አለች። እኔ አልኳት። ነገ ለማንኛውም እመጣለሁ አለች። ዕቃ መያዣ ይዘሽ እንዳትመጪ አልኳት። አልሳቀችም፣ ግን አልተቆጣችም።

ሉፔ እናቷ ያለችውን ነገረችኝ፤ ያለብህን ካልጻፍከው ትረሳዋለህ እንጂ አይጠፋም ብላለች። እንግዲህ ደብተር፣ ራሴ የምከፍለው፦

የጋዝ። በወር 58 ዶላር፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ እስከሚቀጥለው ጥቅምት። መስኮቱ 4 ቁጥር።

መቃብር ቦታ። የከድጃ ድንጋይ ቀሪ 310። በሁለት ጊዜ። ስሟ እስካሁን በወረቀት ነው የተሰካ።

ራሞን። ጣራውን ሲጠግን በኋላ ትከፍለኛለህ ብሎኝ ነበር። እኔ አላነሳሁትም፣ እሱም አላነሳውም። ስንት እንደሆነ ነገ እጠይቀዋለሁ። ቀንሶ ከነገረኝ ወንድሙን እጠይቃለሁ።

አሮጊቷ። የዶሮ ቢላዋ ደንዟል። እስልላታለሁ። ሌሎቹንም።

ዘሃራ። ይሄኛው በወር የሚከፈል አይደለም። እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ነገ ስትመጣ ማንም ሳይኖር ቁጭ አድርጌያት፣ መጀመሪያ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ እንደምይዝ እነግራታለሁ።