በስቅለት የተሰጣ አንሶላ

ውድ ወንድሜ ኤጎን፣

ጽሕፈቴ ዛሬም ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው፤ እንዳትስቅ። ወይ ግዴለም፣ ሳቅ። ትናንት ጓደኛህ ሩፕሬሽት ከጦር ሜዳ በእግሩ ተመልሶ፣ ተማርከህ በፈረንሳዮች ሆስፒታል መተኛትህን ነገረን። እማማ ያን ስትሰማ ምን እንዳለች እነግርሃለሁ፤ አስቀድሜ ግን የስቅለትን ጉድ ስማ።

አሜሪካኖቹ ከወንዙ ማዶ ደርሰው ነበር። የእጅ መስጠት ምልክት ነጭ ጨርቅ ያልሰቀለ መንደር በመድፍ ይደበደባል፤ ነጭ የሰቀለውን ደግሞ የራሳችን ወታደሮች ይረሽኑታል። እኔ እህትህ ምን አልኩ መሰለህ?

«እማማ፣ አንሶላ እንጠብ! መንደሩ ሁሉ ይጠብ! የኛዎቹ ሲጠይቁ እጥበት ነው፤ አሜሪካኖቹ ሲያዩት እጅ መስጠት ነው።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «በስቅለት ልብስ ያሰጣ ቤት ዓመት ሳይሞላው ሬሳ ይወጣበታል! ልጄ ጦር ሜዳ እያለ?»

«መድፉ ሲመጣስ ስንት ሬሳ ሊወጣ ነው?»

አንሶላዎቹን ከአልጋ ገፈፈች። ከዚያ ገንዳውን እየጎተተች ወጣች። ጎረቤቶች እሷን አይተው ተከተሉ፤ እኩለ ቀን ላይ መንደሩ ነጭ ለበሰ። የገዥው ፓርቲ የመንደራችን አለቃ አቶ ክናውፍ ሽጉጡን ታጥቆ ከች አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለፋሲካ ነው፣ አቶ ክናውፍ። የእርስዎንም ዩኒፎርም ያምጡት እንጂ፤ ጠረኑ እኮ ከርቀት ይጣራል» አልኩት።

«አንቺ ባለጌ! ልትቀልጂብኝ ነው?»

ይህን ሲል የታንክ ጩኸት ተሰማ። ሰውየው እግሬ አውጪኝ አለ። ዩኒፎርሙን በማግሥቱ ከአሳማ ጋጣ አገኘነው፤ እሱን ግን እስካሁን ያየው የለም። አሜሪካኖቹ አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ ገቡ።

መንደሩ ተረፈ፤ እማማ ግን እንቅልፍ አጣች። መርዶ በላይ በላዩ ይመጣ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ከወንዶቹ የቀሩት ሽማግሌው ቫልድማን ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ብቻቸውን ያንጎራጉራሉ። አንድ ስም በተነገረ ቁጥር እማማ «ቀጥሎ የኔ ልጅ ነው፤ በገዛ እጄ አሰጣሁበት» ትል ነበር።

ትናንት ሩፕሬሽት ወለሉን እያየ «ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል» አላት።

«እግር ብቻ?»

«እግሩን ብቻ፣ እናቴ።»

«ይውሰዳ!» ብላ ጮኸች። «ስቅለት እግር ብቻ ከወሰደብኝ፣ ይውሰዳ!» ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች፤ እየሳቀች የአንተን አንሶላ አጥባ አሰጣች። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ አትፍራ።

አልጋህ ተነጥፏል። ቶሎ ና። በሩጫ ስትቀድመኝ የኖርክበትን ብድር የምመልስበት ጊዜ ደርሷል፤ ግን በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ከእንግዲህ የማትቀድማት እህትህ
ቪልትሩድ