የሕፃናቱ ተራ አስከባሪ

እህቴ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከዳቦ ጋጋሪዋ እናታችን ተወለዱ። እናታችን እንደነገረችን በዘጠኝ ወራቸው አፋቸውን ፈቱ፤ እስካለፈው ዓመት ድረስም አልዘጉትም። ይህን ጽፌ የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ዕድሜ ልኬን የመናገር ተራ ስለቀሙኝ፣ ዛሬ ትንሽ ብቀልድባቸው አይቀየሙኝም።

በነርስነት ተመርቀው በሃያ ሦስት ዓመታቸው በጤና ጣቢያው የሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ፤ እስከ ጡረታም ያቺን ክፍል አልለቀቁም። እናት ልጇን ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ፣ “አንድ ነገር በይውና ዝም ብለሽ ጠብቂው፤ ተራው የእሱ ነው” ይሏታል። “ሲስተር፣ የሦስት ወር ልጅ ምን ይመልሳል?” ብላ ስትስቅ ሕፃኑ “አጉ” ይላል። አቤት የእህቴ ደስታ! በየቀኑ የሚሰሙትን “አጉ” እንደ አዲስ ብሥራት ለክፍሉ ሁሉ ያውጁታል። ሕፃን የሚማረው ስናወራለት ብቻ ሳይሆን ስንጠብቀውም ነው ባይ ነበሩ። ኃላፊው፣ “ሲስተር፣ ሰልፉ መንገድ ደርሷል እኮ” ሲሏቸው ሕፃኑን እያሳዩ፣ “እሱም ተራ እየጠበቀ ነው” ይሉ ነበር። እናቶቹም “ተራ አስከባሪዋ” ብለው ስም አወጡላቸው።

ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ለባለቤታቸው ግን የመናገር ተራ ሰጥተዋል ብዬ አልመሰክርም፤ እዚሁ ተቀምጠው እየሰሙኝ ነው።

የልጅ ልጃቸው ስትወለድ እግራቸው መሬት አልነካም። “እንደ እሷ ተራዋን የምታውቅ ሕፃን አላየሁም” እያሉ ጎረቤቱን አሰለቹ። ስድስት ወር ሲሆናት ግን ጉንፋን በዝቶ ስለነበር፣ አንድ ቀን የአፍ መሸፈኛቸውን ሳያወልቁ ከሥራ መጡ። አልጋዋ ላይ ጎንበስ ብለው አወሯትና ጠበቁ። ዝም አለች። ደገሙላት፤ አሁንም ዝም። መሸፈኛውን አውልቀው ያንኑ ሲሏት ልጅቷ እየተፍለቀለቀች በድምፅ መለሰች። እህቴ ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ልጅቷ እስከዚያ ቀን ስትመልስ የኖረችው ለፊታቸው እንጂ ለድምፃቸው አልነበረም።

ቤተሰቡ “ገና ሕፃን ናት፤ አባቷም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው” አለ። እሳቸው ግን “አፍ ይጠብቃል፣ ጆሮ አይጠብቅም” ብለው በማግሥቱ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይዘዋት ሄዱ። ሁለቱም ጆሮዎቿ እጅግ ጥቂት እንደሚሰሙ ታወቀና ለመስማት የሚረዳ ማዳመጫ ተደረገላት። ያን ዕለት እህቴ ከጀርባዋ ቆመው ሲጠሯት ዞር አለች። ምን ልበላችሁ፣ የምርመራው ክፍል በእልልታ ተናወጠ። በሁለት ዓመቷ ዓረፍተ ነገር ስትቀጥል ደግሞ ማን ያስቁማት፤ በአያቷ ወጣች።

ባለፈው ዓመት እህቴ በጉሮሮ ሕመም ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ድምፃቸው ጠፋ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እኛ “ምን አሉ? ምን አሉ?” እያልን ስንጨነቅ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ፊታቸውን እያየች ትነግረን ጀመር። ቀልዳቸውን ሳይቀር፣ እኔን የሚያሙትን ሳይቀር አንድም አላስቀረችብንም። በመጨረሻው ማለዳ ሁላችንንም በየተራ አይተው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ልጅቷ ቀና ብላ፣ “‘እኔ ብዙ አወራሁ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው’ ትላለች” አለችን።

ባለፈው ማክሰኞ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጃቸውንና እኔን፣ እንዲሁም አፋቸውን ሲፈቱ የጠበቋቸውን የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን። ቤታችሁ ሕፃን ያለ ሁሉ፣ ዛሬ ስትገቡ አንድ ነገር በሉትና ዝም ብላችሁ ጠብቁት።