ጠዋት ጠዋት በስምሽ ስስቅ

ውድ ሳቂታዬ፣

ይኼን በእጅ ጽሑፌ ስታዪ "ምነው፣ ስልክሽን ውሃ ውስጥ ጣልሽው እንዴ?" ማለትሽ አይቀርም። የኔስ ደህና ነው። ያንቺ ስልክ ግን እናትሽ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት፣ አንቺ አክስትሽ ቤት ሆነሽ፣ በየት በኩል ላግኝሽ? በአክስትሽ ስልክ ብደውል ደግሞ ሳልጨርስ ትዘጊብኛለሽ። እናትሽ ነገ ወደ አንቺ ሲመጡ ሳያነቡ ሊያደርሱልኝ ቃል ገብተዋል። ቢያነቡትም ያንብቡት፤ ከዛሬ ወዲያ የምደብቀው የለኝም።

በመጀመሪያ የሚያናድድሽን ልንገርሽና ልገላገል። እሳትሽ ጠፍቷል። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

ቆይ፣ አትጩሂ! የሄድሽ ቀን በር ላይ አንገቴን አቅፈሽ ፓስወርድሽን በጆሮዬ ስትነግሪኝ "በናትሽ፣ እሳቱ እንዳይጠፋብኝ" ብቻ ነው ያልሽኝ። እኛ ክፍል ያቺን ስልካችን መላላኪያ ላይ ከስም ጎን የምትበራ የእሳት ምልክት ለማቆየት ሰው ምን እንደማያደርግ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ሳትላላኪ ከዋልሽ ትጠፋለች፤ ከጠፋች ደግሞ ወሬው ያው "ተጣልተዋል" ነው። እኔም የዋህዋ በየማለዳው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ በስልኬ በአንቺ ስም እገባለሁ፣ ያንን እንባው እስኪፈስ የሚስቅ ፊት ለሁሉም እልካለሁ፣ እወጣለሁ። ከዚያ ስልኬን ከክፍላችን በር ጀርባ በተሰቀለው ባለኪስ ጨርቅ ውስጥ እከተዋለሁ። ጨርቁ እንደተውሽው ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ስልኩ ሁሉ አንድ ላይ ይነዝርና ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ያንቺ ኪስ ብቻ ባዶ ነው። የማስቲካ ልጣጭ ይጥሉበታል፣ እኔ እለቅማለሁ።

ኪሱን በየቀኑ ባዶውን እያዩ "የት ሄደች?" ያለ የለም። ለምን ይበል? ጠዋት ሳቅሽን ልከሽለታላ።

ስቲከሩን ላላነሳብሽ ነበር፤ ግን ሳላነሳው የቱን አወራሻለሁ? የክፍል ኃላፊያችን ቲቸር "ለመማሪያ እንዲሆናችሁ እርስ በርስ በቪዲዮ ተቀራረጹ" ብላ ስልክ ያስወጣችን ቀን፣ ክፍል ፊት ቆመሽ ንግግርሽ ጠፍቶብሽ ያለቀስሽ ቀን፣ ኮሜዲያኑ ያንን ፊትሽን ቆርጦ በመልእክት የሚላላኩት ስቲከር አደረገው። እሱ መቼም ሌላ ስም ያለው አይመስልም፣ ኮሜዲያኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ፈተና የወደቀ ሁሉ፣ አውቶቡስ ያመለጠው ሁሉ የሚልከው አንቺን ሆነ። አንቺም ላክሽው! የራስሽን ለቅሶ ራስሽ ስትልኪ ክፍሉ "ወይ ሳቂታ፣ ምንም አይመስላት እኮ" አለ። እኔ ግን አጠገብሽ ነበር የምቀመጠው። ምሳ ዕቃሽን ሳትከፍቺ ይዘሽው ስትመለሺ አይ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብተሽ ቧንቧ ከፍተሽ ስትቆዪ እሰማ ነበር። ስጠይቅሽ "ሆዴን ነው" ትይኛለሽ። ለትምህርት ቤቱም ሆዷን ነው ተብሎ ቀረ።

ትናንት ምን ሆነ መሰለሽ? የክፍል ኃላፊያችን ስም ስትጠራ ያንቺ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

"ይቺ ልጅ ቆየች እኮ። ዛሬ እናቷ ጋ ልደውል፤ ከቻልኩም ሄጄ ልያት" አለች።

ኮሜዲያኑ ከኋላ "ኧረ ቲቸር፣ እሷ ደህና ናት! ጠዋት እንኳን ስትስቅ ነበር" አላት።

"አዎ፣ ለኔም ልካለች።" "ለኔም።"

ቲቸርም ፈገግ ብላ "እሰይ፣ እንግዲያው ተሽሏታል" ብላ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች።

ሳቂታዬ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ትልቅ ሰው ሊመጣልሽ ተነስቶ፣ እኔ በስምሽ ስቄ መለስኩት።

ስንለቀቅ በቀጥታ እናትሽ ጋ ሄድኩ። ልብስ እየተኮሱ አገኘኋቸው። "ምን ትላለች?" ስላቸው ካውያውን አቆሙት።

"ምን ትበል ልጄ? 'ከክፍሌ የት ገባች ያለ አንድ ሰው አለ?' ትለኛለች። 'ተመለሺ' ስላት 'ብኖርም ባልኖርም ለነሱ ያው ነው፣ ምን ልሠራ?' ትለኛለች። እስቲ እኔ ምን ብዬ ልመልስላት?"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። "ምነው?" ሲሉኝ እኔም እንዳንቺው "ሆዴን ነው" አልኳቸው፤ ቀጥሎ ግን ሁሉንም ዘረገፍኩት። አልተቆጡኝም። "ወይ ልጆቼ" ብቻ አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አልሳቅኩልሽም። ወደ ቤት ልንሄድ ስልኮቻችንን ስናወጣ መጀመሪያ የጮኸችው፣ መቼም ገምተሻል፣ እቴጌ ናት፤ ያቺ መስታወት የማይጠግባት። "ኧረ ጉዴ! የሳቂታ እሳት ጠፋብኝ! ስንት ወር የደከምኩበት! ምን ሆና ነው?" አለች። ይኸው ተጠየቅሽ። ባዶ ኪስሽ ያላስጠየቀሽን እሳት አስጠየቀሽ፤ አንጀቴ አረረ። ሁሉም ስልኩን እየነካካ "ከኔም ጠፍቷል፣ ምን ሆና ነው?" ይል ጀመር።

"ከሄደች ጀምሮ አንድም ቀን አልሳቀችም፤ ስልክም የላትም። ስትስቅላችሁ የነበረችው እኔ ነኝ" አልኳቸው።

እቴጌ "ውሸታም!" አለችኝ። እውነቷን ነው። ኮሜዲያኑ ግን ቀልድ ጠፋበት። ፊቱ ቀልቶ ቀረብ አለና "ያንን ስቲከርስ? እሱንም አንቺ ነበርሽ የምትልኪው?" አለኝ።

"እሱን ራሷ ናት።"

ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ይሰርዘዋል ብዬ ላጽናናሽ አልችልም፤ ቢሰርዘውም በየሰው ስልክ ውስጥ አለ። ቲቸር ጋም ሄጄ ነገርኳት። አፏን በእጇ ይዛ "ትናንት እኮ ልደውል ነበር... ልደውል ነበር እኮ" እያለች ከእናትሽ የተቀበልኩትን የአክስትሽን ቁጥር መዘገበች። ስትደውል በናትሽ አንሺ። "ደህና ነኝ" እንዳትያት ብቻ። ስለ ቧንቧው ንገሪያት። እሱን እኔ አልነገርኳትም፤ ያንቺ ነው።

እኔን መስደብ ካማረሽም በአክስትሽ ስልክ ደውለሽ ስደቢኝ። ስቀሽ ሳይሆን ጮኸሽ። ድምፅሽን ከሰማሁት ቆይቷል፤ ስድቡም ቢሆን ናፍቆኛል። እስክትመጪ ኪስሽ ውስጥ ልጣጭ የሚጥል ካለ ጠቡ ከኔ ጋር ነው።

ከእንግዲህ በስምሽ የማትስቅ፣
ጓደኛሽ