ሙጃ ላይ የተሳለምኩት መስቀል

የጌታሁን አባት፣ እንደምን ከርመሃል? አፈሩ እንዳይከብድህ ዘወትር እለምናለሁ። ካለፈው ሁዳዴ ጀምሮ ተለይተኸኛል፤ ዝናቡም አብሮህ የሄደ ይመስል ጠብ አላለም። ከብቶቹ አልቀዋል፤ ጎተራውም ባዶ ነው። ይህን የምጽፈው አንተው እያሾፍክ መሠረተ ትምህርት ልከኸኝ በለየሁት ፊደል ነው።  ፈርቻለሁ።

ካድሬዎቹ እህል ሊቀበል የሚወጣውን ጎልማሳ ሁሉ ወደ ሩቅ አገር ለሰፈራ እያሉ በመኪና ይጭኑታል። ስለዚህ ልጃችንን ደበቅኩት። የት እንደሆነ አልጽፍም፤ አንተ ታየዋለህ።

ባለፈው ገበያ እህል ይታደላል ሲሉ ሙጃ ከተማ ወጣሁ። መኪኖቹን ተከትለው አንድ አባት መጥተዋል፤ ቆብ የደፉ፣ የእጅ መስቀል የያዙ፣ ግእዙን እንደኛ ቄሶች የሚያወርዱት። እኔ ምን አውቄ! የነፍስ አባት ያገኘሁ መስሎኝ መስቀላቸውን ተሳልሜ ሆዴን ዘረገፍኩላቸው፤ ልጄን መደበቄን፣ የደበቅኩበትን ቦታ ሳይቀር። ዞር ስል ጎረቤታችን ታንጉት ጎኔን ቆንጥጣ፣ የካቶሊኮች ሊቀ ጳጳስ ናቸው እኮ አለችኝ። ወየው ጉዴ! ምስጢሬን የኛ ላልሆነ ቄስ ሰጥቻለሁ። አሸተን ማርያም ስንወጣ ቢጫ የለበሰ ጨው ነጋዴ ባሕታዊ መስሎኝ ስሰግድለት እንዴት እንደሳቅክብኝ ትዝ ይልሃል? ያኔ አብረን ሳቅን። አሁን የሚስቅልኝ የለም።

ሾፌራቸው ሲያወራ እንደሰማሁት የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ባሕር ማዶ ተምረው ሲመለሱ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አስከፍተው ነበር። መንግሥት ሲወርሰው ባለሥልጣኖቹ ፊት ቆመው ተከራክረዋል። ይኸን ስሰማ ይብስ ፈራሁ፤ ዝም የማይል ሰው ምስጢር ይይዛል?

እኚሁ አባት ወዲያው ካድሬዎቹ ዘንድ ሄዱ። እህሉ ለተራበ እንጂ ሰው ማጥመጃ አይደለም፣ ሊበላ የመጣ ከተጫነ መኪናችንን አናራግፍም አሉ። ካድሬው ሰው መጫኑን ማን እንደነገራቸው በቁጣ ጠየቀ። ቆሜ ሞትኩልህ። እሳቸው ግን ወደኔ ዓይናቸውን እንኳ አልጣሉም። መስቀል ሥር የተነገረኝን አላወጣም፣ ከፈለጋችሁ እኔን እሰሩኝ አሉ። ያን ቀን ማንም ሳይጫን እህሉ ታደለ። እኔም ስንዴ ይዤ ገባሁ፤ ጌታሁንም በላ።

ትናንት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቤቴ ድረስ መጣ። መስቀሉ ሥር ብዙ ቆይተሻል አለኝ። ነገ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ያ ቄስ በመንግሥት ላይ አነሣሣን ካልኩ ልጄን ማንም እንደማይፈልገው ነገረኝ። ካላልኩ ግን ቤቱንም ገደሉንም ያስፈትሻል።

አልልም። እሳቸው ልጄን አልሰጡብኝም፤ እኔም እሳቸውን አልሰጥም። ደፋር ሆና ነው እንዳትለኝ። የቀረችውን ስንዴ ቆልቼ ጌታሁንን አሰንቄው ዛሬ ማለዳ ሸኝቼዋለሁ። ራቅ ብሎ ይሄዳል።

ተዝካርህን አላወጣሁልህም፤ ዘመኑ ጨክኖብኝ ነው፣ አትቀየመኝ። በሕይወት እስካለሁ ያረፍክባትን ቀን አላልፋትም፤ ቁራሽም ቢሆን በስምህ እዘክራለሁ። ቀኗንም ለልጅህ ደጋግሜ አስጠንቼዋለሁ። ከነገው ስብሰባ ባልመለስ እሱ ያስብሃል።