ዜጋዋ የሆንኩባት ከተማ

ውድ ኮንራድ፣

ከልጅነቴ ጀምሮ ፓስፖርቴ ላይ በትውልድ ቦታዬ ፈንታ የአባቶቼ ከተማ ተብላ የተጻፈችውን ሂንተርማትን በስድሳ ስምንት ዓመቴ ዛሬ አየኋት። ቅድመ አያቴ በችጋር ጥለዋት ወጡ፤ ዜግነቷ ግን ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ ይኸው እኔ ላይ ደርሷል። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ "ለጉብኝት ነው የመጡት?" ቢሉኝ፣ "ኧረ እኔ የዚሁ ከተማ ዜጋ ነኝ!" ብዬ ተኮፈስኩ። "ከነማን ቤት ታዲያ?" ሲሉኝ ግን ፓስፖርቴን አውጥቼ አሳየኋቸው።

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ስሜን ስናገር፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ዙርፍሉ የዜጎቹ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ካሉበት በፖስታ እየተላከ የሚጻፍበትን አንድ ትልቅ መዝገብ ዘረጋችልኝ። ሁሉም አለ፣ ኮንራድ! ዙሪክ መወለዴ፣ ከሄድዊግ ጋር መጋባታችን፣ ባለፈው ኅዳር ደግሞ የሄድዊግ ማረፍ። አንድ ሰው እንኳ በመልክ የማያውቀኝ አገር ሐዘኔን ከነቀኑ ጽፎ አስቀምጦታል። ከሥሩ ለእኔ አንዲት ባዶ መስመር ቀርታለች።

"የእናንተ ቤተሰብ ሁልጊዜ የሚመጣልን በፖስታ ነው፤ በእግሩ የመጣ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት" ብላ ሳቀች። በሩ ላይ ስደርስ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ከመጨረሻው ወረቀትዎ በፊት አንዴ ይመለሱ እንጂ" አለችኝ።

መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። ለባለቤትህ ለሬጉላ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሐሙስ ካርታ ስትጫወቱ ወንበሬ ላይ ማንንም እንዳታስቀምጡብኝ፣ አደራ።

ያንተው ባልዝ