ያለ ደብዳቤ የመጣው አውሮፕላን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለቲጃኒ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ደረትህን ይዞ ያስነሳሃል? ምግባቸውን ለመድከው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ባለቤቴ ሸኩር ደህና ነው፣ የታመመችው የጭነት መኪናው ናት። የልብስ ስፌት መኪናዬም ደህና ናት፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ በር ላይ እንደ ድሮው ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ። እኔም ደህና ነኝ፣ ጭንቅላቴ ብቻ ዞሯል። ያዞርከው ደግሞ አንተ ነህ።

ምን ላክህልን አንተ ልጅ? ጥቅምት አጋማሽ ላይ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሹፌር የአልጋ ትራስ የሚያህል ካርቶን በራፌ ላይ አውርዶ፣ «ዳባ የሚባል ከጀርመን የመጣ ተማሪ ነው የሰጠኝ፣ የቲጃኒ ነው ብሏል» አለኝና ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ሄደ። ዳባ ወዲያው ወደ አገሩ ወደ ነቀምት ነው አሉ የሄደው፣ እሱንም የምንጠይቅበት መንገድ የለም። ካርቶኑን ገልብጠን አራገፍነው። ደብዳቤ የለም። አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለችም። ያለው ጀርመንኛ ብቻ።

አሁን የኛን ነገር አስበው። ካንተ የመጨረሻው ደብዳቤ ከደረሰን አሥራ አንድ ወር ሆኖታል። በዚያ ደብዳቤህ ላይ ደግሞ የእርሻ መሣሪያ ጥገናውን ትቼ ትምህርት ልቀይር ነው ብለህ፣ ወደ ምን እንደምትቀይር ሳትናገር ዘጋኸው። ከዚያ ዝም። ከዝምታው በኋላ አውሮፕላን! የካርቶኑ ክዳን ላይ የሚበር አውሮፕላን፣ ከሥሩም ቆብ ያጠለቀ ጎረምሳ ወደ ሰማይ አንጋጦ ተስሏል። እማዬ አፍንጫው የቲጃኒ ነው አለች። እኔ የፈረንጅ አፍንጫ ነው ብላት ማን ሊሰማኝ።

ነገሩን ያባባሰችው እትዬ ዘይቡ ናት። ታውቃታለህ መቼም፣ ጎረቤት ሳትሆን ዜና ማሰራጫ ናት። ስኳር ልትበደር መጥታ ካርቶኑን አየችና፣ «ማሎ፣ ማሎ! ፓይለት ሲያደርጓቸው መጀመሪያ ትንሿን ነው አሉ የሚሰጧቸው። ትንሿን ከለመዱ በኋላ ትልቋ ላይ ያወጧቸዋል» አለች። ከየት ሰማሽ ስላት፣ «ይባላል» አለችኝ። ስኳሩን ይዛ ወጣች፣ ወሬዋን እኛ ቤት ትታ። ጎረቤታችን እትዬ እታገኝ ልጇ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከሄደ ወዲህ እንዴት እንደሆነች እማዬ በየቀኑ በአጥር ላይ ታያታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ ምሳ ሲቀርብ ሁለት ጊዜ ትጎርስና እጇን ታነሳለች። «ልጄን ሰማይ ላይ አወጡት። ሰማይ ላይ ያለን ልጅ ምን ብዬ ልጥራው?» ትላለች።

እኔም የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይሄን ነገር ገጣጥሜ፣ አብርሬ፣ መጫወቻ መሆኑን በዓይኗ ላሳያት። መጫወቻ መሆኑን ግን እኔ ራሴ እርግጠኛ ነበርኩ? ወላሂ አልነበርኩም።

ጀርመንኛውን ያነበቡልን አቶ ከፈለ ናቸው። ኮሌጁ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምሩ፣ ሱሪ የማሳጥርላቸው ደንበኛዬ ናቸው። መዝገበ ቃላት ይዘው መጡና አንዷን ገጽ በሁለት ቀን ጨረሱ። ለካ ካርቶኑ ውስጥ ያለው አውሮፕላን አልነበረም፤ ወደፊት አውሮፕላን ልሆን እችላለሁ የሚል እንጨት ነበር። እንጨቱ ሲያነሱት የሌለ ያህል ይቀላል፤ ከሱ ጋር አንዲት ትንሽ ሞተርና አውሮፕላኑን ከሩቅ የሚያዙበት ሳጥን መጥተዋል። ቁራጩ ሁሉ ቁጥር አለው፣ ሰባት ቁጥር ግን ሦስት ጊዜ አለ። ለምን ሦስት ጊዜ? እስከ ዛሬ አልገባንም። በኮላ አጣብቀን፣ በስፒል ወግተን፣ ክር አስረን አቆምነው።

ክንፉን ስስ ወረቀት ማልበስ የኔ ድርሻ ሆነ። እኔ መቼም ጨርቅ ወጥሬ መያዝ ነው የለመድኩት፣ እንደ ትራስ ልብስ ጥርቅም አድርጌ ወጠርኩት። በነጋታው ክንፉ ተጣሞ አደረ። አቶ ከፈለ ከፍ አድርገው አዩትና፣ «መድና፣ ይሄ ክንፍ አይደለም፣ ማማሰያ ነው» አሉኝ። ቀድጄ እንደገና አለበስኩት፣ ከላይም ከታችም እኩል።

ለሞተሩ ነዳጅ የጉሎ ዘይት ይግባበት ይላል ወረቀቱ። ነጭ ጋዝም አለበት፣ ከላቦራቶሪ የሚገኝ አንድ የሚሸት ነገርም አለበት፣ እሱን አቶ ከፈለ ራሳቸው ቀላቀሉት፤ እሳት የሚባል ነገር በአጠገቡ እንዳይደርስ ብለው የሸኩርን ሲጋራ ሳይቀር ነጠቁ። የጉሎ ዘይቱን ሸኩር ከመድኃኒት ቤት አራት ጠርሙስ ሲጠይቅ፣ የምትሸጠው ፈድሊያ ለሆድ ድርቀት መስሏት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሸኩር፣ ቤተሰቡ በሙሉ ነው እንዴ?» አለችው። ለአውሮፕላን ነው ቢላት ጭራሽ አዘነችለት።

ዋናው ፈተና ሚዛኑ ነበር። ክንፉ ሥር ሁለት ነጥብ አለ፤ እዚያ ላይ በሁለት ጣት ሲያነሱት አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ማለት አለበት። የኛው ጭራው ዘጭ አለ። አፍንጫው ላይ እርሳስ ጨምሩ ይላል ወረቀቱ፣ እርሳስ ከየት ይምጣ? ሸኩር የዚያን ቀን ከየቡ ቡና ጭኖ መጥቶ ነበር። ከኪሱ ቀይ እሸት ቡና አውጥቶ፣ «ይሄውልሽ ክብደት» አለኝ። አውራ ጣት የምታህል ከረጢት ሰፋሁለት፣ እሸቱን ሞልተን አፍንጫው ውስጥ ወሸቅናት። ሚዛኑ ልክክ አለ! «ጋሪ፣ ጋሪ!»፣ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው እያልን ተጨባበጥን።

እንዳናበርረው ግን ማዘዣው ሳጥን ነገር አመጣ። እሱ አንቴና ያለው ራዲዮ ነው፣ አንቴና ደግሞ በዚህ ጊዜ ዓይን ውስጥ ይገባል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘለቀ መጥተው፣ «መድና፣ ከማን ጋር ነው የሚያገናኘው?» አሉኝ። ከአውሮፕላኑ ጋር አልኳቸው። «አውሮፕላኑስ ከማን ጋር?» አሉኝ። እኔስ ምን አውቄ? ሳጥኑን ተረክበው ሄዱ። ከአራት ሳምንት በኋላ መለሱልን፤ ከከተማ ውጭ እንድናበርረው፣ አቶ ከፈለ ዋስ ሆነው እንዲፈርሙ፣ ጓድ ዘለቀ ራሳቸውም ባሉበት እንዲሆን ተስማምተን። ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ማየት ፈልገዋል።

ታኅሣሥ ላይ አንድ እሑድ ተሰብስበን የቡ ወረድን። የሸኩር አጎት ከብት የሚያግድበት ሰፊ ሜዳ አለ፣ ዙሪያውን ቡና ነው። አቶ ከፈለ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስል ያዙን ጀመር። ከብቶቹ ይውጡ። ሰው ሁሉ ከመድና ኋላ ይቁም፣ ሰው ራስ ላይ አይበርም። መጀመሪያ ማዘዣው ይከፈት፣ ቀጥሎ አውሮፕላኑ፤ ሲዘጋ በተቃራኒው። ማዘዣው ከሩቅ እንደሚሠራ ለማየት አንቴናውን ሳልስብ ሠላሳ እርምጃ ወደ ኋላ አስኬዱኝና በሳጥኑ ማንሻ ጭራውን አንቀሳቅሺ አሉኝ። ቀኝ ስለው ግራ ሄደ። ፈትተው ገልብጠው አሰሩት። ደረቅ ሣር ወደ ላይ በትነው ነፋሱ ከወዴት እንደሆነ አዩ። ለምን እኔ እንደምነዳው ከጠየቅከኝ፣ የስፌት እጅ አይንቀጠቀጥም ብለው ነው።

ሸኩር ሮጦ ነፋሱ ላይ ወረወረው። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና አለ። ዝቅ በል ብዬ ማንሻውን ገፋሁ፣ ይባስ ቀና አለ። ሽቅብ ወጥቶ፣ ወጥቶ፣ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ በጭራው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቡናው ውስጥ ተከሰከሰ። ቲጃኒ፣ ያኔ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም። እማዬ «ልጄን!» ብላ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ላሳርፋት ያመጣኋትን እናቴን ልጇ ሲወድቅ አሳየኋት።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ መጉረሱም ቀረ። በሻይ ብቻ ትውል ጀመር።

ከሳምንት በኋላ ሸኩር ስብርባሪውን ሲለቃቅም ያቺን ከረጢት አወጣና ጆሮው ላይ አንቀጫቀጫት። ቀጭ ቀጭ አለች። ፈትቶ መዳፉ ላይ ቢዘረግፋት እሸቱ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ቢጨብጠው የሦስት ጣት ቁንጣሪ አይሞላም። አራት ሳምንት ሙሉ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ተሰቅሎ ደርቆ አፍንጫውን አቅልሎታል! እርጥብ ቡና ሲደርቅ ክብደቱ ወዴት እንደሚሄድ የጅማ ሕፃን ያውቃል። ቡና ስትጭን የኖርክ ሰውዬ፣ ቡና ስትለቅም ያደግሽ ሴትዮ፣ እንዴት ሁለታችንም ረሳን? ሸኩር ሱቅ ለሱቅ እየዞረ በራሱ ላይ አወራው፣ ቀድሞ ካላወራው እትዬ ዘይቡ ልታወራው ነዋ።

ክንፉን ጠገንኩ። ሸኩር ከመኪናው አሮጌ የብሎን ዳዶ አምስት ፍሬ አምጥቶ አፍንጫው ውስጥ በኮላ አጣበቀ፤ ብረት አይደርቅም። ሚዛኑንም ልናበርር በወጣንበት ጠዋት እዚያው ሜዳው ላይ ደግመን ለካነው። እማዬ ግን አልመጣም አለች። «አንዴ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ አታሳዪኝ።» ካልመጣሽ አላበርርም አልኳት። ስለምናት አረፈደችና መጣች። ሜዳው ዳር ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች፣ ሻሿን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባ።

ሸኩር ወረወረው። ቀጥ ብሎ ሄደ። ያ ረቢ፣ ሄደ! ግን ወደኔ ሲመለስ ሌላ ጣጣ፤ ፊቱን ወደኔ ሲያዞር የሱ ቀኝ የኔ ግራ ሆነብኝ። ቀኝ ስለው ከብቶቹ ወዳሉበት ጎተተኝ። አቶ ከፈለ፣ «ትከሻሽን እሱ ወደሚሄድበት አዙሪ! ጀርባውን እንደምታዪ ሁኚ!» ብለው ጮኹ። ዞርኩና ልክ ሆነ። ሦስት ጊዜ ሜዳውን ዞረልን። ጓድ ዘለቀ «ግራ! ግራ! አይ መድና!» እያሉ ከሰልፍ ይልቅ እዚያ ጮኹ።

ከዚያ ነዳጁ አለቀና ሞተሩ ቀጥ አለ። ጸጥታው ሲሰማት እማዬ ወደቀ ብላ ዞረች። እሱ ግን ክንፉን ዘርግቶ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ቀስ እያለ ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። አይታዋለች። ሙሉውን አይታዋለች።

ተነስታ ሄደች። አውሮፕላኑን አንስታ ክዳኑን ከፍታ ጣቷን ውስጡ አስገባች። «የሰው መቀመጫ የለውም» አለች። የለውም አልኳት። «እስካሁን ስታበሪው አንቺ እዚህ ነበርሽ የቆምሽው?» እዚሁ ነበርኩ እማዬ። «እግርሽ መሬት ላይ?» መሬት ላይ። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ከዚያ፣ «እንግዲያው የኔም ልጅ መሬት ላይ ነው የቆመው» አለች። ያን ቀን የሸኩር አጎት ቤት ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች። ይኸው እስከ ዛሬ ትበላለች። እትዬ ዘይቡንም «ፓይለትነት መሬት ላይ ነው፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብላ ዘጋቻት።

እኔ ግን፣ ወንድሜ፣ ግራ እንደገባኝ ነው። አውሮፕላኑ መጫወቻ መሆኑን አይቻለሁ፤ አንተ ምን እንደሆንክ ግን አላየሁም። ለማን ላክኸው? ለምን ዝም አልክ? ትምህርቱን ወደ ምን ቀየርከው? እማዬ ይሄን ሁሉ ጠይቂልኝ አላለችኝም፣ እሷ ጨርሳዋለች፣ እየበላች ነው። የምጠይቅህ እኔ ነኝ። ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም፣ አንዲት መስመር ትበቃኛለች። መልስህ እሷ እንዳለችው መሬት ላይ ነኝ የሚል ከሆነ በስሟ ላክላት፣ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። እንዳለችው ካልሆነ ግን፣ እባክህ፣ ፖስታው ላይ የሸኩርን ስም ጻፍበት፣ እሱ ከፖስታ ቤት ያወጣዋል፣ እማዬ እንዳታየው እቤት አይምጣ።

እማዬ ግንባርህን ሳመችው፣ ሹራብህን ሳትለብስ እንዳትወጣ ብላለች። ሸኩር ሰላም ብሎሃል። አቶ ከፈለ ሰላም ብለው ሰባት ቁጥር ለምን ሦስት ጊዜ እንደሆነ ጠይቀዋል። ፈድሊያ፣ እትዬ እታገኝና እትዬ ዘይቡ ሳይቀሩ ሰላም ብለውሃል። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ።

እህትህ መድና
ጅማ፣ ጥር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.