የሳሚ ጥንዚዛዎች

ሐሙስ

ለሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩት። የቤተ ክርስቲያናችን አባ ከፊት፣ ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ከኋላቸው፣ ሌሎቹ ደረጃው ላይ። ነጠላቸውን ሁሉ አዘቅዝቀዋል። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ማን ብዬ ልጠይቅ።

ሳሚ ትናንት ማታ ከተራራ ሲመለስ መኪናው ገደል ገብቷል። የዕረፍት ቀኑ ነበር፤ ጥንዚዛ ሊለቅም ሄዶ ነው። እነሱ ማታውኑ ሰምተዋል። መርዶ በሌሊት አይነገርም፣ ትተኛ ብለው ተዉኝ። ተራራ ሲወጣ ስለሚያመሽ ሳልጠብቀው ተኛሁም። ልጄ ሞቶ እኔ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አደርኩ።

ቅዳሜ

ቤቱ በሰው ሞልቷል። የመጣው ሁሉ ወጥ ይዞ ነው የሚገባው። ፍሪዘሩ አልዘጋ አለ። እትዬ አልማዝ በጉልበታቸው ገፍተው ዘጉትና፣ "እንደኔው ነው፣ ካልገፉት አይሆንለትም" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው አፈርኩ።

ተራራ ምን ሊሠራ ሄደ ይሉኛል። ሐኪም ነበር እላለሁ።

ማክሰኞ

ቀበርነው። ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ረቡዕ

ሰው ቀነሰ። ክፍሉ ገባሁ። ሳጥኖቹ እስከ ኮርኒሱ ተደርድረዋል፤ የመስታወት ክዳን፣ ከሥሩ በመርፌ የተወጉ ጥንዚዛዎች። ከጠረጴዛው በላይ የዚያ ጣሊያን ፎቶ ተሰቅሏል።

ይህን ሰው አልወደውም። ሳሚ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ካገኘው ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። በወረራው ጊዜ ከጦሩ ጋር ጎጃም የዘመተ ሐኪም ነው። ቀን የወታደር ቁስል ያጥባል። ሲመሽ ነጭ አንሶላ ወጥሮ ፋኖስ ያበራል፤ ብርሃኑን ብሎ የመጣውን ጥንዚዛ ይለቅማል። ሳሚም እንደሱ ላድርግ ብሎ የኔን አንሶላ ተራራ ወስዶ አቆሽሾ መልሶልኛል።

"አያቴን አንካሳ ያደረገው የነሱ ጥይት ነው" አልኩት አንድ ቀን።

"እማ፣ እሱ እኮ ሐኪም ነው። አልተኮሰም።"

"የተኮሰውን ክንድ ነዋ የሚያሸው።"

"ልክ ነሽ፣ እሱንም እጽፈዋለሁ" አለኝ። የሰውየውን ሕይወት ሊጽፍ ጀምሮ ነበር።

ዛሬ ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ልጄን ተራራ ያወጣኸው አንተ ነህ አልኩት።

ዓርብ

ሩት መጣች። ከሳሚ ጋር ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፣ እዚሁ ባዕድ አገር የተወለደች። አንዳንዴ አብራው ተራራ ትወጣ ነበር። ሳጥኖቹን ልታያቸው ፈለገች። አንዱን ወደ መስኮቱ አዘንብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

"ኦ ኖ። ማዘር፣ እየበሏቸው ነው።"

ከጥንዚዛዎቹ ሥር ቡናማ ዱቄት ተጠራቅሟል። ዱቄቱ ውስጥ ጠጉራም ትንሽ ትል ይንቀሳቀሳል።

"ትሉ እንዲሞት ሁለት ሳምንት ፍሪዝ ካላደረግናቸው ምንም አይተርፍም። ሪሊ።"

"አይትረፍ" አልኳት።

ኮቷን ለብሳ ሄደች። ስትወርድ ታለቅሳለች።

ቅዳሜ

ፊቴን ስታጠብ የዚያ ሐኪም መጨረሻ ትዝ አለኝ። ሳሚ ሥራ ሲያደርሰኝ መኪና ውስጥ ነው የነገረኝ። ሰውየው እዚያው ጎጃም በወባ ሞተ። ሳጥኖቹን በመርከብ ለእናቱ ላኩላት። መኝታ ቤቷ አስቀመጠቻቸው፤ የልጄ እጅ የነካው ነው ብላ ሰው አላስነካችም፣ እሷም አልከፈተችም። ስትሞት ሲከፈቱ መርፌና ዱቄት ብቻ ተገኘ።

"የሚነግራት ሰው አልነበረም፣ እማ" ነበር ያለኝ።

ለኔ የሚነግረኝ ሰው ትናንት መጥቶልኝ ነበር።

ለሩት ደወልኩ። ሃቫና መንገድ ላይ ካለው ሱቅ ትልልቅ ላስቲክ ገዝታ መጣች። ሳጥን በሳጥን ጠቀለልን። ፍሪዘሩን ግን ማን ያስለቅቀው፤ እትዬ አልማዝን ጠራሁ።

"ይህን ሁሉ ወጥ አውጥተሽ ምን ልታስገቢ ነው?"

"ጥንዚዛ።"

ትክ ብለው አዩኝ። "ከእንግዲህ አንቺ ቤት ምሳ አልበላም" አሉ። ድስቱን ግን እሳቸው ተሸክመው ወረዱ።

ሳጥኖቹ ልክክ ብለው ገቡ። ፍሪዘሩ ማንም ሳይገፋው ተዘጋ።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ አባን ጠየቅኋቸው። የሐኪሙን ነገር ከነእናቱ ነገርኳቸውና ለሱ ጸሎት ይደረግ እንደሆነ ይንገሩኝ አልኩ።

"በኛ ሥርዓት ፍትሐት አይደረግለትም። ደግሞስ በጠላትነት አይደል የመጣው?"

መስቀላቸውን ተሳልሜ ልሄድ ስል፣ "እናቱ ግን አልዘመተችም። በቤትሽ ብታስቢያት ማን ይከለክልሻል" አሉኝ።

ፎቶው እንደዞረ ነው። ልመልሰው ብዬ ተውኩት። እናቱን ግን አሰብኳት። አንሶላ ላኪልኝ ብሎ ጽፎላት ይሆን?

ነገ ኮሜርስ ሲቲ ወዳለው ሥራዬ እመለሳለሁ። ስንቱ እንደተረፈ ሲወጡ እናያለን ብላለች ሩት። እስከዚያ ወጥ ቤት ስገባ የፍሪዘሩ ድምፅ አለ። ሰው ያለ ይመስለኛል።

ይህ ጽሑፍ እጃችሁ የገባ፣ ልጄን በጸሎታችሁ አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው። ከሱ ቀጥላችሁ ያቺን እናትና ልጇን ብትጨምሩልኝ ደስ ይለኛል። ስማቸውን እግዚአብሔር ያውቀዋል።